የጓሮ ሥራ ቤት እጣቢ የት ይሂድ? ጎንደር ላይ ያየሁትና የሠራሁት

ጓሮ ውስጥ ሥራ ቤት፣ ማለትም የእጅ ሥራ የሚሠራበት ክፍል፣ ለመሥራት ለምታስቡ አንድ ነገር አስቀድሜ ልንገራችሁ። ውሃ ማስገባቱ ቀላል ነው። ከቤቱ ቧንቧ ትስባላችሁ፣ ሲንክ ትሰቅላላችሁ፣ አለቀ። ጣጣው ያለው ማስወጣቱ ላይ ነው።

እኔ የምኖረው ጎንደር፣ አዘዞ በኩል ነው። ጓሮዬ ውስጥ በቆርቆሮ የተሠራች ክፍል አለችኝ፣ የእንጨት ሥራ እሠራባታለሁ። ወንበር፣ መደርደሪያ፣ አልጋ፣ የታዘዝኩትን ሁሉ። ቤቱን ስንገዛ ክፍሏ ከነሲንኳ ነበረች። የሲንኩ ቱቦ ግን ቆርቆሮውን በስቶ ወጥቶ እዚያው አጥር ሥር ያበቃል። ከአጥሩ ማዶ የጎረቤታችን የእትዬ ማድ ቤት አለ። ገና ዕቃ ሳንጨርስ መጥተው "ልጄ፣ ይኼ ግድግዳዬ በጋም አይደርቅ፣ ክረምትም አይደርቅ" አሉኝ። ገብቼ አየሁት። ጭቃው ልስን እስከ ጉልበት ድረስ ረጥቦ እየተላጠ ነበር። የዚያኑ ዕለት ቱቦውን ደፍኜ ሲንኩ ሥር ባልዲ አስቀመጥኩ። ከዚያ በኋላ ነው መላ መፈለግ የጀመርኩት።

መጀመሪያ ማወቅ ያለባችሁ ውሃው ስንት እንደሆነና ምን እንደያዘ ነው። ይህን ሳያውቁ ጉድጓድ መቆፈር ገንዘብ ማባከን ነው። ስንት እንደሆነ ለማወቅ ባልዲው ይበቃል። ለአንድ ሁለት ሳምንት ሲንኩ ሥር አስቀምጡና ሲሞላ ወደ ጀሪካን እየገለበጣችሁ ቁጠሩ። የእኔ በሥራ ቀን ከሁለት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን አይበልጥም። እጅ መታጠቢያ፣ ብሩሽ ማጠቢያ፣ የመሳያ ድንጋይ ማርጠቢያ፣ ወለል መወልወያ፣ በቃ። 40 ሊትር ሲባል ብዙ ይመስላል እንጂ አንድ ሰው ገላውን ሲታጠብ ከሚያፈሰው ያን ያህል አይርቅም። ባጃጅ የሚያጥብ ወይም ክር የሚነክር ሰው ግን ሌላ ሒሳብ ውስጥ ነው።

ምን እንደያዘ ደግሞ ይበልጥ ያሳስባል። ቲነር፣ አኳራጅ (የዘይት ቀለም ማቅጠኛና ብሩሽ ማጠቢያ)፣ የተቃጠለ ዘይትና የዘይት ቀለም ከነጭራሹ ሲንክ ማየት የለባቸውም። መሬት ውስጥ ቢገቡ የጉድጓድ ውሃ ያበላሻሉ። ሴፕቲክ ታንክ (የቤቱ ፍሳሽ የሚጠራቀምበት የመሬት ውስጥ ታንክ) ውስጥ ቢገቡ ደግሞ ቆሻሻውን የሚያብላሉትን ባክቴሪያዎች ይገድላሉ። ብሩሽ ያጠባችሁበትን አኳራጅ ክዳን ባለው ብርጭቆ ዕቃ ውስጥ አስቀምጡት። በጥቂት ቀናት ውስጥ ቀለሙ ይዘቅጥና ከላይ ጥርት ያለው ይቀራል። ቀስ ብላችሁ ገልብጣችሁ መልሳችሁ ትጠቀሙበታላችሁ። ሥር የቀረው ዝቃጭ ከልጅ እጅ ርቆ ክዳኑ ተከፍቶ ሲደርቅ በጠጣርነቱ ይጣላል። እግረ መንገዴን፣ የተልባ ዘይት ያለበትን ጨርቅ ጠቅልላችሁ ጥግ ላይ አትወርውሩ። በራሱ ሞቆ እሳት ሊያስነሳ ይችላል። ዘርግታችሁ ውጭ አድርቁት።

በውሃ የሚበጠበጥ ቀለምና ኮላ ትንሽ ይሻላሉ። ቢሆንም ቱቦ የሚዘጉት እነሱ ናቸው። ብሩሹን ወደ ውሃ ከመስደዳችሁ በፊት ካርቶን ላይ አጥብቃችሁ ጥረጉት። ኮላ የቀረበትን ጣሳ አትጠቡት፣ ይድረቅና ተላጦ ይወጣል። ሰጋቱራ ብቻውን ብዙም አይከፋም፣ ከኮላ ጋር ሲገናኝ ግን ቱቦ ውስጥ እንደ ሲሚንቶ ይይዛል። ስለዚህ እጃችሁንና ልብሳችሁን መጀመሪያ በደረቁ አራግፉ።

ይህን ሁሉ ካደረጋችሁ የሚቀረው የሳሙና ውሃ ነው። እሱ ደግሞ ቦታ ካገኘ ብዙ ጉዳት የለውም።

አሁን ወደ መውጫው ልግባ። ቀላሉ መንገድ አሁንም ባልዲው ነው። አንዳንዱ ሰው ባልዲ ሲባል ያፍራል። እኔ ግን በቀን ከአንድ ጀሪካን በታች ለሚያፈስ ሰው ሌላ ነገር አልመክርም። ሁለት ነገር ብቻ ይጠበቃል። አንደኛ፣ የሳሙና ውሃ ከአንድ ቀን በላይ አይደር፣ ይሸታል። ሁለተኛ፣ ሁልጊዜ አንድ ቦታ ላይ አትድፉት። ዛሬ ከኮኩ ሥር፣ ነገ ከጌሾው ሥር። የዱቄት ሳሙና ግን ቀንሱ። ብዙዎቹ ሶዲየም ይበዛባቸዋል፤ ሶዲየም ደግሞ ሸክላማ አፈርን ድርቅ ያለ ቅርፊት ያስይዘዋል፤ ውሃ ማስረጉንም ያቆማል።

ሁለተኛው ብዙ ሰው የሚያደርገው ነው፤ ወደ መንገዱ ቦይ መልቀቅ። ይህን አታድርጉ። ቦዩ የተሠራው ለዝናብ ነው። በበጋ ውሃው አይሄድም፣ እዚያው ቆሞ ይሸታል፣ ትንኝ ያፈላል። በክረምት ደግሞ ይሄዳል፣ ግን የት? የከተማችን ቦይ ወደ ቀሃና ወደ አንገረብ ወንዞች ይወርዳል፤ ከዚያ በመገጭ በኩል ጣና ነው። ለጥምቀት የፋሲለደስ መዋኛ የሚሞላው ከቀሃ በሚመጣ ውሃ ነው። ያን ወንዝ የቀለም ማጠቢያ ስናደርገው ዝም ብሎ ማየት ያመኛል። ከወንዙ ታች ልብስ የሚያጥቡና ከብት የሚያጠጡ ሰዎችም አሉ።

ሦስተኛው የማስረጊያ ጉድጓድ ነው። ቆፍሮ ድንጋይ ሞልቶ ውሃውን መሬት እንዲጠጣው ማድረግ። አፈሩ ከፈቀደ ግሩም ነገር ነው። ጎንደር ላይ ግን አፈሩ ሁሉ ቦታ አይፈቅድም፤ ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

የእኛ ግቢ ዋልካ ነው። ጥቁር፣ ሲረጥብ የሚያብጥ፣ ሲደርቅ ክፍተቱ እጅ የሚያስገባ። እኔ ለመቆፈር ስነሳ ሚያዝያ ነበር። አንድ ባልዲ ውሃ መሬቱ ላይ ብደፋ ባንድ ጊዜ ተዋጠ። ደስ አለኝ። ሰፈራችን ያሉ አንድ የግንብ ሥራ አዋቂ ሽማግሌ ቆመው ያዩኝ ነበር።

"ጋሼ፣ እንዲህ ከጠጣ ይበቃል፣ አይደለም?" አልኳቸው።

"ምኑ ይጠጣል ጃል? ስንጥቁን እኮ ነው የሞላኸው። ዋልካ በበጋ የሚውጥ ይመስልሃል፣ ሐምሌ ላይ መልሶ ይተፋልሃል" አሉኝ።

እውነታቸውን ነው። ዋልካ ውሃ ሲጠግብ ያብጣል፣ ስንጥቁ ይዘጋል፣ ከዚያ ውሃ የሚያልፍበት ቀዳዳ የለውም። በበጋ የተፈተነ ዋልካ ሁሌም ይዋሻል።

ትክክለኛው ሙከራ እንዲህ ነው። ጉድጓዱ ይወርዳል ብላችሁ ባሰባችሁት ጥልቀት ላይ፣ ጎኑ ወደ 30 ሳንቲ ሜትር የሆነ ትንሽ አራት ማዕዘን ጉድጓድ አውጡ። ግድግዳው በአካፋ ተጠርጎ ከለሰለሰ በሚስማር ጫር ጫር አድርጉት፤ ካልሆነ ልስላሴው ራሱ ውሃ ይይዛል። ውሃ ሙሉትና ይደር። ዋልካ ከሆነ ስንጥቁ እስኪዘጋ ደጋግማችሁ ሙሉት፣ አንድ ሌሊት አይበቃውም። ከዚያ እንደገና ሞልታችሁ የተሰመረበት እንጨት ትከሉና ሰዓት ያዙ። ውሃው አንድ ሳንቲ ሜትር ለመውረድ ከሩብ ሰዓት በላይ ከፈጀበት እዚያ ቦታ የማስረጊያ ጉድጓድ እርሱት። የእኔ እንጨት ላይ ምልክቱ ከሰዓት በኋላም ከጠዋቱ እምብዛም አልራቀም ነበር።

ለሒሳብ የሚጠቅም ነገርም አለ። አሸዋማ አፈር በአንድ ካሬ ሜትር ግድግዳ በቀን እስከ 50 ሊትር ያህል ቆሻሻ ውሃ ይቀበላል ተብሎ ይታሰባል። መካከለኛ ድብልቅ አፈር ከ20 ሊትር ትንሽ ከፍ ይላል። እንደ ዋልካ ያለ የሚያብጥ ሸክላ ግን ለዚህ ሥራ አይመከርም። ስለዚህ ቀይ ወይም ድብልቅ አፈር ያላችሁና እንደኔ 40 ሊትር የምታፈሱ ከሆነ ጎኑም ጥልቀቱም አንድ ሜትር የሆነ ጉድጓድ በደንብ ይበቃችኋል። አራቱ ግድግዳ 4 ካሬ ሜትር ነው። ከሚያስፈልገው በላይ ስለሆነ ትርፉ መጠባበቂያ ይሆናል። የጡጫ መጠን ያለው ድንጋይ ሙሉበት፣ ከላይ ጠጠር፣ በጠጠሩ ላይ የማዳበሪያ ጆንያ አንጥፉና አፈር መልሱ። ጆንያው አፈሩ ወደ ድንጋዩ እንዳይወርድ ያደርጋል። ከቤት መሠረት 5 ሜትር ራቁ። ከውሃ ጉድጓድ ደግሞ 30 ሜትር፣ የእናንተም ይሁን የጎረቤት።

ከፍ ባሉት ሰፈሮች ያላችሁ ደግሞ ሌላ ጉዳይ አለባችሁ። ሁለት ክንድ ሳትወርዱ ዶማ የማይበግረው ጥቁር ድንጋይ ይገጥማችኋል። አንዳንዴ ድንጋዩ የተሰነጠቀ ይሆንና ውሃውን ጥርግ አድርጎ ይወስደዋል። ይህ ጥሩ ይመስላል፤ ጥሩ አይደለም። ውሃ የሚጣራው አፈር ውስጥ ቀስ ብሎ ሲያልፍ ነው። በድንጋይ ስንጥቅ የሄደ እጣቢ ሳይጣራ የሆነ ሰው የውሃ ጉድጓድ ወይም ምንጭ ላይ ብቅ ይላል።

አራተኛው ከቤቱ ሴፕቲክ ታንክ ጋር ማገናኘት ነው። በሕግም በጤናም ንጹሑ መንገድ ይህ ይመስለኛል፤ ሥራ ቤታችሁ ከታንኩ ከፍ ካለ አትጠራጠሩ። ባለ 50 ሚሊ ሜትር ቱቦ ከሆነ በየሜትሩ 2 ሳንቲ ሜትር ቁልቁለት ስጡት። 12 ሜትር ከሄደ 24 ሳንቲ ሜትር መውረድ አለበት ማለት ነው። ይህን በዓይን አትለኩ። ውሃ የተሞላ ቀጭን፣ ውስጡን የሚያሳይ ጎማ ሁለቱን ጫፍ ከፍታ በደንብ ይነግራችኋል፣ ግንበኞች ሁሉ አላቸው። ቱቦው በሚታጠፍበት ቦታ የሚከፈት ክዳን አድርጉ፤ ሲዘጋ መሬት ከመቆፈር ያድናችኋል። ከሲንኩ ሥር የተጠማዘዘው ሲፎን የግድ ነው። እሱ ውስጥ የሚቀረው ውሃ ነው የታንኩን ሽታ የሚያግደው። ሥራ ቤቱን ለረጅም ጊዜ ዘግታችሁ ከሄዳችሁ ያ ውሃ ይደርቃል፤ ስትመለሱ አንድ ጣሳ ውሃ ድፉበት።

የእኔ ክፍል ግን ከታንኩ ታች ናት። በራሱ ወደ ላይ የሚሄድ ውሃ የለም። ፓምፕ ይቻላል። አንድ ወዳጄ በርሜል ውስጥ ትንሽ ፓምፕ አስገብቶ ውሃው ሲሞላ በራሱ እንዲነሳ አድርጎታል። ውሃው ለሚበዛበት ሰው ጥሩ ነው። መብራት ሲጠፋ ግን በርሜሉ ቢያንስ የአንድ ቀን ውሃ መያዝ አለበት። ሰጋቱራ ከገባበትም ፓምፑ ዕድሜ የለውም። ለሁለት ጀሪካን ፓምፕ መግዛት አልታየኝም።

ታዲያ ምን አደረግኩ? በበጋ አንድ መንገድ፣ በክረምት ሌላ መንገድ።

ከሲንኩ ሥር ሦስት ባልዲ የሚያክሉ የፕላስቲክ ዕቃዎች ደረጃ በደረጃ አሉ። ውሃው መጀመሪያው ውስጥ ይገባል። ቀለምና ሰጋቱራ ሥር ይዘቅጣል። ከአፉ ትንሽ ዝቅ ብሎ በተበሳ ቀዳዳ ወደ ሁለተኛው ያልፋል፣ ከዚያ ወደ ሦስተኛው። በመጀመሪያው ላይ አሮጌ የሻይ ማጥለያ የመሰለ ወንፊት አድርጌበታለሁ፣ የሚንሳፈፈውን ሰጋቱራ እሱ ይይዘዋል። ሦስተኛው ላይ የሚደርሰው ውሃ ደብዘዝ ያለ ነው እንጂ ፍርፋሪ የለበትም። ይህ ነገር ምንም ማሽን የለውም። ለውሃው ፀጥ የሚልበት ጊዜ መስጠት ብቻ ነው። ለሸክላ ሠሪም፣ ግድግዳ ለሚቀባም፣ እምነበረድ ለሚያሳልም ይሠራል።

ከሦስተኛው ዕቃ መውጫ ላይ ቱቦው በሁለት ይከፈላል። አንዱ ወደ ጌሾው ይሄዳል፣ ሌላው ወደ በርሜል። በሁለቱም ላይ መዝጊያ ቫልቭ አለ።

ጌሾው ያለው ግቢው መሀል፣ ከሥራ ቤቷ 8 ሜትር ያህል ርቆ ነው። መሬቱ እዚያ በአንድ ስንዝር ግድም ከፍ ይላል። ብዙ ሰው እዚህ ላይ "ውሃ ዳገት አይወጣም" ብሎ ይተወዋል። ግን ሲንክ እኮ ከወለል 80 ሳንቲ ሜትር በላይ ነው የሚሰቀለው። ይህ ቁመት በነጻ የተሰጠ ነው። ዕቃዎቹን መሬት ላይ ከማስቀመጥ መደርደሪያ ላይ ሰቀልኳቸው። መውጫው ከወለሉ 40 ሳንቲ ሜትር ላይ ሆነ። 8 ሜትር ለመሄድ 16 ሳንቲ ሜትር ይበቃዋል። ስለዚህ ቱቦው ድንጋይ ድንጋይ ላይ ተደግፎ ይሄድና ጌሾው ጋ ሲደርስ ገና ከመሬት ከፍ ብሎ ነው። ቱቦውን ከላይ ማስኬዱ ሌላም ጥቅም አለው፤ ቢሰነጠቅ ወዲያው ይታያል።

እዚያ ሲደርስ ጥልቀቱም ስፋቱም 40 ሳንቲ ሜትር፣ ርዝመቱ 5 ሜትር የሆነ ቦይ ውስጥ ይገባል። ቦዩ ሥር ጠጠር፣ ከላዩ የእንጨት ፍቅፋቂ አለ። ሥር ሥሩን የተበሳ ቱቦ በጠጠሩ ላይ ተጋድሟል። ከላይ ጆንያና አፈር ለብሷል፤ ውሃው ከላይ አይታይም፣ ትንኝም አያገኘውም። ግራና ቀኙ ጌሾ ነው። ጥልቅ ጉድጓድ ያላደረግኩት ሆን ብዬ ነው። ዋልካ ከታች የሞተ ነው። ከላይ ያለው ሥር የበዛበት አፈር ግን ይተነፍሳል፤ ፀሐይም ጌሾውም ይመጥጡታል። ከጥቅምት እስከ ግንቦት ውሃው የሚሄደው ወደ ታች ሳይሆን ወደ ላይ ነው ማለት ይቻላል። ሰላጣ፣ ካሮትና ቆስጣ ግን በዚህ ውሃ አታጠጡ። ጌሾው እንኳ በቅጠሉ ሳይሆን በሥሩ ነው የሚጠጣው፣ ስለዚህ ለጠላ ስንቆርጥ አልሰጋም። እትዬም ካለፈው ዓመት ጀምሮ ጌሾ የሚወስዱት ከእኛ ነው።

ሰኔ ሲገባና መሬቱ መጥገብ ሲጀምር የጌሾውን ቫልቭ እዘጋለሁ። ውሃው በርሜሉ ውስጥ ይገባል። ማታ ማታ በጀሪካን ወደ ቤቱ ልብስ ማጠቢያ ወስጄ እደፋዋለሁ፣ ከዚያ ወደ ታንኩ ይሄዳል። ሐምሌና ነሐሴ ቀለም የሚደርቅበት ወር ስላልሆነ የቅብ ሥራ አልቀበልም፤ ስለዚህ ውሃው ራሱ ይቀንሳል።

አንድ ነገር ልጨምር፤ ጎንደር ላይ ይህን መርሳት አይቻልም። የጣራ ውሃን ከእጣቢ ጋር አትቀላቅሉ። አንድ ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ካሬ ሜትር ጣራ ላይ አንድ ሊትር ነው። 4 በ6 የሆነች ክፍል 24 ካሬ ሜትር ጣራ አላት። አንድ ከሰዓት 30 ሚሊ ሜትር ቢጥል 720 ሊትር ነው፤ የእኔ ሲንክ ከሁለት ሳምንት በላይ የሚያፈሰውን በአንድ ዝናብ። ይህን ወደ ማስረጊያ ጉድጓድ ወይም ወደ ሴፕቲክ ታንክ ብትለቁት ሁሉም ነገር ይገነፍላል። አሸንዳ አድርጋችሁ በሮቶ ያዙት። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ለመሣሪያ ማጠቢያና ለወለል ይህ ውሃ ሀብት ነው። የተረፈውን ወደ ዝናብ ቦዩ ልቀቁት፤ ቦዩ የተሠራው ለእሱ ነው።

ጥገናው ብዙ አይደለም። የመጀመሪያው ዕቃ ሥሩ ላይ አራት ጣት ያህል ዝቃጭ ሲይዝ ላዩን ውሃ ቀድቼ ዝቃጩን አሮጌ ቆርቆሮ ላይ ዘርግቼ አደርቀዋለሁ። ሲደርቅ ይላጣል፣ ከደረቅ ቆሻሻ ጋር ይሄዳል። ወንፊቱን በየሥራ ቀኑ ማታ አራግፋለሁ። ፍቅፋቂው ስለሚበሰብስ መስከረም ላይ፣ ቫልቩን መልሼ ከመክፈቴ በፊት፣ የቦዩን ላይ ገልጬ አዲስ እጨምራለሁ። ቦዩ ዳር ነጭ የጨው ቅርፊት ካያችሁ ሳሙናው በዝቷል ማለት ነው፤ ሳሙናውን ቀንሱና በንጹሕ የዝናብ ውሃ ደጋግማችሁ አጥቡት።